ያተኮሰውና ያላተኮሳት

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሲስተር ይዟልም የወጣላትን ስም የሰማችው ሰው ሁሉ ከሰማው በኋላ ነው። ኮሪደሩ ላይ ልጅ ታቅፈው የሚሰለፉት እናቶች፣ ካርድ የምታወጣው ሠራተኛ፣ የበሩ ዘበኛ ሳይቀር በዚሁ ስም ሲያነሷት ሲጥሏት ኖረው፣ አንድ ቀን አንዲት አራስ በሩን ገፋ አድርጋ፣ «ሲስተር ይዟል ዛሬ ገብታለች?» ብላ እሷኑ ጠየቀቻት። «ገብታለች፣ ተሰለፊ» አለቻት። አልተቆጣችም። ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ የቀራትን ጉልበት ለመርፌው ነበር የምትቆጥበው።

ሥራዋ ክትባት መስጠት ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ በየመሐሉ የሚያቃስት ፍሪጅ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት የካርቶን ሣጥን፣ ከወንበሩ አጠገብ ደግሞ የሕፃናት እግር እየደበደበ ቀለሙን ያራገፈው ግድግዳ። ጠዋት ስትገባ ከሰው ሰላምታ በፊት የፍሪጁን ቴርሞሜትር ታያለች። መድኃኒቱ ከሞቀ አለቀለት። ከዚያ ጥጡን ትቆራርጣለች፣ ወንበሯን ወደ ብርሃኑ ታዞራለች፣ ቁርጭምጭሚቱ የሚያብጠውን እግሯን ባዶ ካርቶን ላይ ታሳርፋለች። ከዚያ ወዲያ እስከ ምሳ ሰዓት ያለው እሪታ ብቻ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያስለቅስ ኖሮ ምርቃት የሚቀበልበት ሌላ ሥራ ያለ አይመስልም።

ስሟ የመጣው ከምክሯ ነው። ሌሎቹ ነርሶች ወጋ አድርገው «ቀጣይ» ይላሉ። እሷ ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ ሳትናገር መርፌ አታነሣም። «ስሙኝ» ትላለች፣ ከመደጋገም ብዛት ዜማው በጠፋ ድምፅ። «የምወጋው ቦታ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ያመዋል። ማታ ሊያተኩሰው ይችላል። ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ይነሣችኋል። አንድ ሁለት ቀን ነው። ያበጠውን አትሹት፣ ምንም ነገር አትቀቡት። ከዚያ ካለፈ፣ ወይ ጭራሽ ከደከመ፣ ወይ ካንቀጠቀጠው፣ አምጡት። የኩፍኙ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ያን ዕለት ዝም ብሎ ይቆይና ሳምንት ካለፈው በኋላ ነው የሚያተኩሰው፤ ሽፍ ሊልበትም ይችላል። እንዳትደነግጡ። ደግሞ ተወጋልኝ ብላችሁ ሮጣችሁ አትሂዱ፤ ውጭ አግዳሚው ላይ ትንሽ ተቀመጡ። አልፎ አልፎ መድኃኒቱ የማይስማማው ልጅ አለ፤ ያ ከመጣ እኛ እያለን ይምጣ።»

ይህን ሲሰሙ የእናቶቹ ፊት ይጠቁራል። ደህናውን ልጄን ልታሳምሚብኝ ነው ወይ የሚል ዓይን ነው የሚጥሉባት። አንዳንዷም ልጇን ጠቅልላ ወደ በሩ ታፈገፍጋለች። ታዲያ አንድ ቀን፣ ወረፋው እስከ ግቢው በር በደረሰበት፣ እግሯም ካርቶኑ ላይ እንኳ አላርፍ ባለበት ቀን፣ ወደ በሩ የምታፈገፍግ አንዲት እናት ለመመለስ ብላ፣ «ካተኮሰው ደስ ይበልሽ፤ ይዟል ማለት ነው» አለቻት። እናትየዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ሲስተር ያን ሁሉ ምክር ስትደረድር ያልሆነላት በዚያች አንዲት ቃል ሲሆንላት አየች። ከዚያ ወዲያ ለመጣው ሁሉ ትላት ጀመር፤ ቃሏም ስሟ ሆነች።

ቃሏ ውሸት አልነበረችም፤ ግማሽ ነበረች። ነገሩ እሾህን በእሾህ ነው፤ የተዳከመው በሽታ ገብቶ ሰውነት እንዲያውቀው ይደረጋል፣ ሰውነትም ሲተዋወቅ አንዳንዴ ይግላል። ሌላው ግማሽ ግን ረጅም ነው። ምንም ያላተኮሰው ልጅም እኩል ሊይዝለት ይችላል። ሲያተኩሰው ያደረውም ላይይዝለት ይችላል። የኩፍኙ የመጀመሪያ መርፌ ከአሥር ልጆች ስምንቱን ዘጠኙን ጠብቆ አንድ ሁለቱን ያመልጣቸዋል፤ ሁለተኛው መርፌ የሚሰጠውም እነዚያን ያመለጡትን ፍለጋ ነው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ደግሞ ፊታቸውን አይቶ የሚለይ የለም። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን ወረፋው ረጅም፣ ወሬውም ረጅም ሲሆን፣ «ሁለተኛውን እንዳትረሺ» ብላ ታልፈዋለች። እናቶቹም «ይዟል» የምትለውን ይዘው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ማንም ሰው ቢሆን ከሁለቱ የሚጥመውን ነው ይዞ የሚሄደው፤ አይፈረድባቸውም።

ቤቷ ሁለት ክፍል ናት። ባሏ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው፣ ከሞተ ወዲህ አንደኛዋን ክፍል የምትከፍተው አቧራ ለመጥረግ ብቻ ነው። ያለቻት አንድ ልጅ ናት። ልጅቱ ከተማው ሌላ ጫፍ፣ በሁለት አውቶቡስ በሚደረስበት ሰፈር ተከራይታ ትኖራለች፤ ሆቴል ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ስታጥፍ ትውልና ማታ የራሷን አልጋ ለማንጠፍ ትሰለቻለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤቱ ይልቅ ጋቢናው ነው የሚያውቀው። እናትና ልጅ ይዋደዳሉ። ግን ሁለቱም ሲደክማቸው ነው የሚደዋወሉት፤ ያልደከማቸው ሰዓት የለማ።

ልጅቱ መንታ ወለደች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ በአንድ ሆድ አድረው በአንድ ቀን የመጡት ሁለቱ በምንም አይገናኙም። ወንዱ ሲርበው ይጮኻል፣ ሲጠግብ ይጮኻል፣ ሲተኛም ለመነሣት ያህል ይጮኻል። ሴቷ አፏን የምትከፍተው ለመጥባትና ለማዛጋት ነው። አባታቸው ከመንገድ ደውሎ ከስልኩ ውስጥ አንዱን ብቻ እየሰማ ቢቸገር፣ ወንዱን ጩኸቱ፣ ሴቷን ዝምታ አላቸው። የወጣላቸው ትክክለኛ ስም ካርድ ላይ ቀረ።

ዘጠኝ ወር ሲሞላቸው ልጅቱ ሁለቱንም በቅርቧ ወዳለው ክሊኒክ ወስዳ የኩፍኙን አስከተበቻቸው። አያትየዋ እሷ ዘንድ ይምጡ ብትል ደስ ባላት፤ ግን ሁለት አውቶቡስ፣ ሁለት ልጅ፣ አንድ ወገብ። መድኃኒቱ እንደሆነ ያው ነው። ሳምንት አለፍ እንዳለ፣ ሲስተር ከሥራ ወጥታ ፌርማታ ላይ ቆማ ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«እማዬ፣ ጩኸቱ እሳት ሆኗል። ደረቱ ላይም ሽፍ ብሎበታል።»

«ከተወጋ ሳምንት አልፎታል አይደል?»

«አልፎታል።»

«ደስ ይበልሽ፣ ይዟል። ልብስ አታብዢበት፣ ቶሎ ቶሎ አጥቢው። ትኩሳት ማብረጃውን እንደነገርኩሽ ስጪው። በሁለት ሦስት ቀን ይለቀዋል።»

«ዝምታስ? እሷ እኮ ምንም አልሆነችም። ቁጭ ብላ ትስቃለች።»

አውቶቡሱ በዚህ መሐል መጣ። ሰው ተጋፋ፣ የአንዱ ክርን ጎኗን መታት። «እሷም ደህና ናት፣ ሁለተኛው አለ አይደል፣ ያኔ…» እያለች ተሳፈረች። ትኬት ቆራጩ ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ፣ ይላል። ስልኩ ተቋረጠ። ቤት ስገባ መልሼ እደውላለሁ አለች በሆዷ። ቤት ስትገባ አልጋዋ ጫፍ ላይ አረፍ ብላ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ወረፋ ነበር።

ለሁለተኛው መርፌ ጊዜው ሲደርስ ልጅቱ አልረሳችም። ይህ ይታወቅላት። ክሊኒኩ የኩፍኙን ክትባት የሚሰጠው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ አንድ ብልቃጥ ከተከፈተ ለአሥር ልጅ ይሆናል፣ የተረፈው ለነገ አይቀመጥም፣ ስለዚህ ልጆች እስኪሰበሰቡ ይጠበቃል። ያ ቀን የሥራ ተራዋ ላይ ወደቀ። ባሏ መንገድ ላይ ነው። ጎረቤቷ «አንዱን ልያዝልሽ፣ ሁለቱን ግን አልችልም» አለቻት። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ሁለቱንም አየቻቸው። ጩኸቱ ያኔ አተኩሶት፣ ሽፍ ብሎበት፣ ሌሊቱን አንገብግቦት ነበር፤ የእሱማ ይዟል፤ ያለችው ደግሞ እናቷ ናት፣ የእናቷ ሙያ ይኸው ነው። ዝምታ ግን ምንም አልሆነችም፤ ስለ እሷ ስትጠይቅ ሁለተኛው አለ ተብላለች። ዝምታን አዝላ ሄደች። ክሊኒኩ ውስጥ «ወንድሟስ?» ሲሏት «ሌላ ቀን አመጣዋለሁ» አለች። የማምጣትም ሐሳብ ነበራት። ቸኩሎ ያልያዘ ሐሳብ ግን ከአንሶላና ከልጅ መሐል ቦታ አያገኝም።

«ለሁለተኛው ሄድሽ ወይ?» አለቻት እናቷ በሳምንቱ በስልክ።

«ሄድኩ እማዬ፤ ግማሽ ቀን አቆሙኝ።»

«ጎበዝ» አለች ሲስተር። ከዚህ በላይ አልተባባሉም።

ኩፍኝ ከተማው ውስጥ የገባው መንታዎቹ ሁለት ዓመት አልፏቸው ሮጠው ማምለጥ በጀመሩበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ሰፈር ተሰማ፣ ከዚያ የሕፃናት መዋያ ተዘጋ፣ ከዚያ ዘመቻ ታወጀ። ሲስተር ይዟል የበረዶ ሣጥኑን በትከሻዋ አንጠልጥላ ከትምህርት ቤት አዳራሽ ወደ ቀበሌ አዳራሽ ስትዘዋወር ሰነበተች። የምትለውን የምትለው አፏ ብቻ ነበር፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያተኩሳል፣ ካተኮሰው ይዟል። እጇ መርፌ ባልያዘ ጊዜ ሳይቀር ጣቶቿ እንደ ያዙ ይቀሩ ነበር።

ልጇ የደወለችው በዚያ ሰሞን ነው። «ጩኸቱን አሞታል። ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ዛሬ ፊቱ ላይ ወጣበት።»

ሲስተር ሣጥኑን ለባልደረባዋ አስረክባ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ደረሰች። በሩን የከፈተችላት ዝምታ ናት፤ አፍንጫዋ ንጹሕ፣ ዓይኗ ጥርት ያለ፣ በእጇ የወንድሟን ኩባያ ይዛ ውሃ እየጠጣችበት። ከውስጥ ድምፅ የለም። ይህ ነው ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጣት። ጩኸቱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ዝም ብሏል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሽፍታው ከጆሮው ጀርባ ተነሥቶ ፊቱን አልብሶ ወደ አንገቱ ወርዷል፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ኩፍኝ ለመሆኑ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የጠየቀችው ሌላ ነው።

«ሁለተኛውን የተወጋው እዚሁ ክሊኒክ ነው?»

ልጅቱ የልጁን አንገት በጨርቅ ጠረገች። «ሁለተኛውን የተወጋችው ዝምታ ናት።»

«እሱስ?»

«የእሱማ ይዞለት የለ እንዴ?» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። «አንቺ ነሽ እኮ ያልሽኝ። አተኮሰው ስልሽ፣ ደስ ይበልሽ ይዟል አልሽኝ። ስለ እሷ ስጠይቅሽ ሁለተኛው አለ አልሽኝ። ስለዚህ እሷን ወሰድኳት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉታል። ሲስተር ይዟል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የምትለው አልጠፋትም፤ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም፣ ሁለተኛው ለሁሉም ነው፣ አውቶቡስ መጥቶብኝ ነው ያቋረጥኩት። ሁሉም እውነት ነበር። ከእውነቱ ውስጥ ግን ለልጁ እስትንፋስ የሚጠቅም አንድም አልነበረም። «ልብስ አልብሺው፣ ሆስፒታል ነው የምንሄደው» አለች።

ሆስፒታሉ የኩፍኝ በሽተኞችን ከሌላው ለይቶ ኋላ ባለ ረጅም ክፍል ውስጥ አስተኝቷቸዋል። መስኮቶቹ በሙሉ ተከፍተዋል፤ ቢሆንም የትኩሳትና የሳሙና ሽታ አይወጣም። ለጩኸቱ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደረገለት፣ ቫይታሚን ኤ አፉ ውስጥ ጠብ ጠብ ተደረገለት፣ ሳንባው ተመትቶ ስለ ነበር ክንዱ ላይ መርፌ ተተከለለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያችን መርፌ አይቶ ሕንፃውን ያናውጥ ነበር። አሁን አንገቱን እንኳ አላዞረም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እሱም እንቅልፍ ካየ የቆየ ይመስላል። ሲስተር ሙያዋን አልነገረችውም። የደንብ ልብሷን አውልቃ ነበር የመጣችው፣ ደግሞም መናገሩ አፈራት። እሱም እንደ ማንኛዋም አሮጊት ቆጥሮ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዲገባት ብሎ ያስረዳት ጀመር።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተከተበው አይደል እናቴ? አንዳንድ ልጅ በመጀመሪያው አይዝለትም። ለዚህ ነው ሁለተኛው የሚሰጠው።»

«አተኩሶት ነበር፣ ሽፍ ብሎበትም ነበር» አለች ልጅቱ ከጎን።

«ትኩሳቱ ስለ መያዙ የሚያረጋግጠው ነገር የለም። እዩ፣ እኅቱን አላተኮሳትም ብለሽኛል። ግን ሁለቱንም መርፌ ወስዳለች፤ አብራው ስትተኛ፣ በኩባያው ስትጠጣ ሰንብታ ምንም አልነካትም። ክትባቱ ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ምንም አይታይም።» ዞር ብሎ ወደ አያትየዋ አየ። «ገባዎት እናቴ?»

«ገብቶኛል» አለች ሲስተር ይዟል። ለስንት ዓመት ስታውቀው የኖረችውን ነገር ሰው ሲያስረዳት እናቶቹ እንደሚሰሟት አድርጋ ሰማችው፤ ፊቷ ጠቁሮ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ አንዱን ብቻ መርጣ። የመረጠችው «ምንም አይታይም» የሚለውን ነበር።

ሐኪሙ ሲሄድ ልጅቱ የጩኸቱን አንሶላ አስተካክላ ወደ እናቷ ዞረች። ስትዞር አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። «ለሰው ልጅ ሁሉ ቁጭ ብለሽ ትመክሪያለሽ» አለች። «ለኔ አውቶቡስ ስትሳፈሪ ነው የመለስሽልኝ።»

 የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት ሲስተር ስትሰማው ኖራለች፤ ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሴት ይመስላት ነበር። አዘነች፤ በልጇ አይደለም፣ ለልጇ ነው። ልጅቱ የሠራችው ስሕተት እናቷን ማመን ነው፤ ይህን ስሕተት ደግሞ ማንም እናት ልጇ እንዳትሠራው አትመኝም። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋችና የጩኸቱን እግር በእጇ ያዘች። እግሩ ይፋጃል። «ካተኮሰው ደስ ይበልሽ» ያለችው አፏ ደረቀባት።

እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። አንዷ ስትሄድ አንዷ እየተተካች፣ በር ላይ ሲገናኙም «በላ?» «ትንሽ» እየተባባሉ። አባትየው መኪናውን የሆነ ቦታ ጥሎ መጣና ከልጁ አጠገብ ቆሞ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ትራሱን ሲያስተካክል ዋለ። ልጁ አንድ ቀን የተሻለው ይመስላል፣ በማግሥቱ ይብስበታል። ሲስተር ልጅ ሲሞት አይታለች፤ ሊሞት ያለ ልጅ ፊት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ያን ፊት እንዳታየው ፈርታ ጩኸቱን እግሩን ብቻ ነበር የምታየው።

አንድ ጠዋት ነርሷ የክንዱን ፕላስተር ልትቀይር ስታላቅቀው፣ ከአልጋው ላይ አንድ የሻከረ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ የሰማው እውነተኛ እሪታ። ነርሷ «ይቅርታ፣ ይቅርታ የኔ ቆንጆ» ማለት ጀመረች። እናትና አያት ግን ተያዩና ሁለቱም በአንድ ጊዜ አለቀሱ። «ተዪው፣ ይጩኽ» አለች ሲስተር። «እባክሽ ይጩኽ።»

ዳነ። ሳንባው ዳነ፣ ዓይኑ ዳነ፣ ቆዳው ተልጦ አዲስ ወጣ። ቀኝ ጆሮው ግን መግል ሲያፈስ ቆይቶ ሲደርቅ መስማት አቆመ። ሐኪሙ ሲያድግ ምናልባት አንዳንድ ነገር ይመለስ እንደሆነ እናያለን አለ። ሰው ምናልባት ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሲስተር ታውቃለች። ደግሞም፣ ጨርሶ ሲያገግም ክትባቱን ይውሰድ አለ፤ በመርፌው ውስጥ ከኩፍኝ ሌላ የሚከላከለው በሽታም አለና።

ሲስተር ይዟል ወደ ጠባቧ ክፍሏ ተመለሰች። ቴርሞሜትሩን አየች፣ ጥጡን ቆራረጠች፣ እግሯን ካርቶኑ ላይ አሳረፈች። የመጀመሪያዋ እናት ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ገና ምክሩ ሳይጀመር፣ «አውቀዋለሁ ሲስተር፣ ካተኮሰው ይዟል ማለት ነው» አለቻት ፈገግ ብላ።

«አይደለም» አለች ሲስተር።

እናትየዋ ፈገግታዋን ምን እንደምታደርገው ጠፋት።

«እኔ ነኝ እንደዚያ ስል የኖርኩት። ትክክል አይደለም። ሊያተኩሰው ይችላል፤ ያ ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣ ነው፣ ያልፋል። ካላተኮሰውም ጥሩ ነው። ሁለቱም ስለ መያዙ አይናገሩም። የመጀመሪያው ብዙዎቹን ይይዛል፣ አንዳንዶቹን አይዝም።»

«ታዲያ የኔ ልጅ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«አታውቂም። እኔም አላውቅም። ሁለተኛው ያለው ስለማናውቅ ነው።»

ወረፋው ተንጫጫ። ሰው ረጅም እውነት አይወድም፤ በተለይ ቆሞ ከሆነ። ሲስተር ምን ነካት ዛሬ፣ አርጅታለች መሰል፣ ተባባሉ። ካርድ የምታወጣዋም ብቅ ብላ «ሲስተር፣ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ቢሉ» አለቻት። ሲስተር ቶሎ ቶሎ አላለችም። በዚያ ቀን ምሳ አልበላችም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን ምሳ ዘግይቶ ይበላ ጀመር። ከሁሉ የሚያደክማት ግን፣ ክፍሏ ውስጥ ያፈረሰችውን ነገር እናቶቹ ውጭ አግዳሚው ላይ ሲገነቡት መስማቷ ነው። «ካተኮሰው ይዟል አሉ» ትላለች አንዷ ላንዷ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እግሯ ሲፈቅድላት ተነሥታ ትወጣና አግዳሚው ፊት ቆማ እንደገና ትናገራለች። ይሰሟታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ «እሺ ሲስተር ይዟል» ይሏታል።

ልጇ ብዙ ጊዜ አልደወለችም። ሲስተር ስትደውልም መልሱ አጭር ነው፤ ደህና ነን፣ በልቷል፣ ሥራ ላይ ነኝ። እንደዚህ ባለ ሰሞን አንድ የኩፍኝ ክትባት ቀን፣ ሲስተር ቀና ብላ «ቀጣይ» ስትል፣ ከፊቷ የተቀመጠችው ልጇ ሆነች። ጩኸቱን ታቅፋለች። በቅርቧ ያለውን ክሊኒክ ትታ፣ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍራ፣ እንደ ማንኛዋም እናት ተሰልፋ ነው የመጣችው። ግንባሯ ላይ ላብ አለ።

«ምነው አልነገርሽኝም? በጎን ባስገባሁሽ።»

«ወረፋዬን ይዤ ነው የመጣሁት» አለች ልጅቱ። «ንገሪኝ። ለሌሎቹ እንደምትነግሪያቸው።»

ሲስተር ነገረቻት። ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ያመዋል። ሳምንት ካለፈ በኋላ ሊያተኩሰው ይችላል፣ ላያተኩሰውም ይችላል። አንድም ሳታስቀር፣ ሳትቸኩል፣ በሩ ላይ የቆሙት እያጉረመረሙ፣ እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ልጅቱ ዓይኗን ከእናቷ አፍ ላይ ሳታነሣ ሰማች። ከዚያ ሲስተር ወጋችው። ጩኸቱ ስሙን አላሳፈረም፤ ዘበኛው ከግቢው በር ድረስ ሰምቶ ሳቀ ተባለ። አግዳሚው ላይ ትንሽ ተቀመጡና ሄዱ። ብዙ አልተነጋገሩም፣ ግን ልጅቱ ስትሄድ የእናቷን እግር አይታ «ውሃ ውስጥ ንከሪው ማታ» አለቻት።

ሳምንት አለፈ፣ ትንሽም ትርፍ። አመሻሹ ላይ ሲስተር ይዟል እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ሬዲዮኑን ሳትሰማው ከፍታ ተቀምጣለች። ስልኩ ጮኸ። ሬዲዮኑን አጠፋች።

«እማዬ።»

«ምነው? ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። አላተኮሰውም። ያልሽው ቀን አለፈ፤ አንድ ቀን እንኳ ግንባሩ አልሞቀም።» አለች ልጅቱ። «ምን ማለት ነው?»

የድሮዋ ሲስተር ብትሆን አንዲት ቃል ነበራት። ልጇ የምትጠብቀውም ቃል እንዳለ ከአተነፋፈሷ ይታወቃል። ሲስተር እግሯን ከውሃው አወጣችና ወለሉ ላይ አሳረፈች።

«ምንም ማለት አይደለም የኔ ልጅ» አለች።

 ከስልኩ ውስጥ ጩኸቱ አንድ ነገር ጎድሎበት ሲጮኽ፣ ዝምታም ለስለስ ባለ ድምፅ ስትመልስለት ይሰማል።

«እሺ» አለች ልጅቱ በመጨረሻ። «እሺ እማዬ።»

«እስቲ ጩኸቱን አገናኚኝ።»

«እሺ። ቆይ፣ በግራ ጆሮው ላድርግለት።»

ሲስተር ይዟል ስልኩን ይዛ ጠበቀች።